ያልሰገዱት መነኩሴ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት አቴናውያን የ70 ዓመቱን ሽማግሌ ሶቅራጥስን ለፍርድ አቀረቡት። ከሳሾቹ ሜሌቶስ፣ አኒቶስና ሊኮን ይባላሉ። ክሳቸው ከተማይቱ የምታመልካቸውን አማልክት አያመልክም፣ ወጣቶችንም ያበላሻል የሚል ነበር። በዕጣ የተመረጡ 500 ያህል ዜጎች ከሳሽንም ተከሳሽንም በአንድ ቀን አዳምጠው ጥፋተኛ ነው አሉት። ፕላቶ እንደጻፈው 30 ሰዎች ብቻ ወደ ሌላው ወገን ቢያጋድሉ ኖሮ በነፃ ይሰናበት ነበር። ሽማግሌው ግን ሞት ተፈረደበት፤ ወር ያህል በእስር ቆይቶም መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ፍርዱ ይገባው ነበር ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አለመዘጋቱም አያስደንቅም፤ ስለ ችሎቱ በሰፊው የጻፉልን ፕላቶና ዜኖፎን ሁለቱም የተከሳሹ ወዳጆች ናቸው። የከሳሾቹ ንግግር ጠፍቷል። ዛሬ ጉዳዩን ለመመርመር የሚቀመጥ ሰው አንዱን ወገን ብቻ እየሰማ ለመፍረድ ይገደዳል።

ከ1,800 ዓመት በላይ ቆይቶ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በተደረገ ሌላ ችሎት ግን የሁለቱም ወገን ቃል ተጽፎ ደርሶናል። ተከሳሹ አባ እስጢፋኖስ የሚባሉ የትግራይ መነኩሴ ናቸው፤ ከሳሹም ዳኛውም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ። የንጉሡን ወገን ዜና መዋዕላቸውና በስማቸው የሚጠሩት መጻሕፍት ይናገራሉ። የመነኩሴውን ወገን ደግሞ ደቂቀ እስጢፋኖስ ተብለው የሚታወቁት ተከታዮቻቸው በግዕዝ የጻፏቸው ገድሎች ይመሰክራሉ። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲነበቡ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ አባ እስጢፋኖስ ከተከሰሱበት ነገር አንዱን በእርግጥ አድርገውታል። ነገር ግን ያ ያደረጉት ነገር በዘመኑ ልማድ እንኳ ለሞት አያበቃም፤ ለሞት ያበቃል የተባለው ክስ ደግሞ አልተረጋገጠባቸውም። ይህን ለማሳየት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

አባ እስጢፋኖስ በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ግድም በአጋሜ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ቆየጻ በተባለው ገዳም በአባ ሳሙኤል ሥር ገብተው መነኮሱ። ያ ዘመን ለገዳማት የብልጽግና ዘመን ነበር። ነገሥታቱ ጉልት ይሰጣሉ፤ ገዳማቱ በገባሩ ምርት ይተዳደራሉ፤ አበምኔቱም ከመኳንንቱ እንደ አንዱ ይቆጠራል። አባ እስጢፋኖስ ይህን አልተቀበሉም። መነኩሴ በእጁ ሠርቶ ይብላ፣ የንጉሥን ስጦታ አይቀበል፣ የጥንት አባቶች የጻፉትን ሥርዓት አንድም ሳያጎድል ይጠብቅ የሚል ትምህርት አስተማሩ። ወንዶችም ሴቶችም ተከተሏቸው። እዚህ ላይ የተከታዮቻቸውን ድክመት መሸፈን አያስፈልግም፤ ከሌሎች መነኮሳት ጋር ማኅበር አንፈልግም የሚሉ፣ ላላ ያለውን ሁሉ ከሃይማኖት እንደወጣ የሚቆጥሩ፣ ጠንካራና አስቸጋሪ ሰዎች ነበሩ። በጉልት የሚኖር ገዳም አጠገቡ በላቡ የሚኖር ገዳም ሲቋቋም ዝም ብሎ እንደማያይ የታወቀ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከሳሾችም ከቤተ መንግሥት አልመጡም፤ ከመነኮሳቱ መካከል የተነሡ ናቸው። ሶቅራጥስም ጥርስ የተነከሰበት ዐዋቂዎች ነን የሚሉትን በአደባባይ እየጠየቀ እንደማያውቁ በማሳየቱ መሆኑን ፕላቶ ይናገራል። በሁለቱም ዘንድ ቂሙ ከክሱ በፊት ነበር።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 ሲነግሡ የተረከቡት ዙፋን የሚንቀጠቀጥ ነበር። ዐፄ ይስሐቅ ከሞቱ ወዲህ ባሉት አምስት ዓመታት ብቻ አራት ነገሥታት ተፈራርቀውበታል። እሳቸው ራሳቸው በአምባ ግሸን ከታሰሩት የንጉሥ ልጆች አንዱ ነበሩ። ስለዚህ መንግሥትን ማጽናት ለእሳቸው የሕይወት ጉዳይ ነበር፤ ያጸኑበትም መሣሪያ ሃይማኖት ሆነ። የእመቤታችን በዓላት እንዲበዙ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል እንዲሰገድ አዘዙ። ትእዛዙ በሕዝቡ ገላ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ዜና መዋዕሉ እንደሚነግረን እያንዳንዱ ክርስቲያን በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ እጁ በክርስቶስ ስም ሰይጣንን መካዱን፣ በግራ እጁ ደግሞ ሰይጣንን ክዶ የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያደርግ ታወጀ። ይህን ያላደረገ ቤቱ ይበረበራል፤ ገላውም ይቀጣል። ከዚህ አዋጅ በኋላ የአንድ ሰው እምነት በልቡ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑ ቀረ። የንጉሥ ሹም መንገድ ላይ አስቁሞ ግንባሩንና እጁን አይቶ የሚመረምረው ነገር ሆነ።

አባ እስጢፋኖስ ወደዚህ ንጉሥ ችሎት ቀረቡ። በቤተ መንግሥት ለንጉሥ መስገድ እንደ ሰላምታ የሚቆጠር፣ ማንም የማይጠይቀው ወግ ነበር። ወጉ ምን ያህል የጠበቀ እንደነበር ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጽፎልናል፤ የንጉሥ ቃል ሲነገር የሚሰማው ሰው ቆሞ፣ ልብሱን እስከ ወገቡ አውርዶ ነበር የሚያዳምጠው። ንጉሡ ሳይኖሩ፣ ቃላቸው ብቻ ሲመጣ እንኳ ክብሩ እንዲህ ነው። መነኩሴው ንጉሡ ፊት ቆመው አልሰግድም አሉ። ገድላቸው እንደሚለው ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ የተገባ ነው፤ ለምድራዊ ንጉሥ አይሰጥም ብለው መለሱ። ንጉሡ በሥጋቸው ላይ ሥልጣን እንዳለው አልካዱም፤ በሃይማኖታቸው ላይ ግን ሥልጣን የለውም አሉ። ተገረፉ፣ ታሰሩ፣ በእስር እንዳሉም አረፉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሁለቱን መዝገቦች ማነጻጸር ይገባል፤ የክርክሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ገድሉ የስደቱ ምክንያት ለንጉሥ አለመስገድ ነው ይላል። ዜና መዋዕሉ ደግሞ ለማርያምና ለልጇ መስቀል አንሰግድም በማለታቸው ተቀጡ ይላል። ሁለቱም ተጻራሪ ወገኖች አልሰገዱም በሚለው ይስማማሉ፤ የሚለያዩት ለማን በሚለው ላይ ነው። ባላጋራና ባላጋራ የሚስማሙበትን ነገር እውነት ነው ብሎ መቀበል ተገቢ ነው። የሚለያዩበትን ለማጣራት ደግሞ እያንዳንዱ ለምን እንደዚያ ይላል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የገድሉ ጸሐፊዎች አባታቸውን የንጉሥ ባላንጣ አድርገው ማቅረባቸው አንዳች ምድራዊ ጥቅም አያስገኝላቸውም። እንዲያውም ያን በጻፉበት ዘመን ከንጉሥ ጋር መጣላት የሚያስፈራ ነገር ነበር። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ግን ለንጉሤ ስላልሰገዱ ተቀጡ ብሎ ቢጽፍ ጌታውን ራሱን የሚያስመልክ አድርጎ ባሳየው ነበር። ለማርያም አልሰገዱም ብሎ ቢጽፍ ግን ንጉሡ የእምነት ጠበቃ ይሆናሉ። ሐሰት ለመጻፍ ምክንያት የነበረው ማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ይህ ማለት ስለ ሥዕልና ስለ መስቀል ምንም ክርክር አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበር። ተከታዮቹ እመቤታችንን እናከብራለን፣ የአምልኮ ስግደት ግን ለሥላሴ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ይህ ልዩነት በጉባኤ የሚመረመር የሊቃውንት ጉዳይ ነው። ጉዳዩን ከጉባኤ ወደ ግርፋት ያሸጋገረው የዙፋኑ ክብር ነው።

በአቴናም ነገሩ ተመሳሳይ መልክ ነበረው። የሶቅራጥስ ዳኞች በልባቸው የያዙት ፖለቲካ እንደነበር ብዙዎች ያምናሉ፤ ከተማዋን በደም ካጠቧት 30 አምባገነኖች መሪው ክሪቲያስ ከእሱ ጋር ይውል የነበረ ሰው ነው። ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ403 የታወጀው ምሕረት በዚያ ዘመን በተሠራ ፖለቲካዊ ጥፋት መክሰስን ከልክሎ ስለነበር ክሱ የሃይማኖት ልብስ ለበሰ። ሶቅራጥስ እነዚያ አምባገነኖች ሊዮን የተባለውን ሰው ለመግደል እንዲያመጣላቸው ሲያዙት እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው መሆኑ አላዳነውም። ያን ዓይነቱን ሰው የአምባገነኖች ወዳጅ ብሎ መክሰስ ስለማይቻል አማልክትን ካደ ተባለ።

የንጉሡን ወገን የሚደግፍ ሰው የሚያነሣው ትልቁ መከራከሪያ የአገር ደህንነት ነው። መከራከሪያው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1445 የአዳሉ ሱልጣን በድላይ ሠራዊት አሰልፎ ወደ ደዋሮ ዘመተ፤ ንጉሡም ራሳቸው ዘምተው በታኅሣሥ ወር ድል አድርገው ገደሉት። ዛሬ ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚያቋርጠው ቆላ ያን ጊዜ የንጉሡ ትእዛዝ በቀላሉ የማይደርስበት አገር ነበር። ደቂቀ እስጢፋኖስ በኋላ የጸኑበት ጉንዳጉንዶ ደግሞ የአጋሜ ደጋ አልቆ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ገደል ላይ ይገኛል። የንጉሥን ስም የማያከብር ማኅበር በእንዲህ ያለ ጠረፍ ላይ መኖሩ ለንጉሥ ሥጋት አይሆንም ወይ? ይሆናል ማለት ይቻል ነበር፤ አንድ ነገር ባይጎድል ኖሮ። ማስረጃው የለም። የንጉሡ የራሳቸው ዜና መዋዕል እነዚህን መነኮሳት የሚከሰው ከአዳል ጋር ተዋዋሉ ብሎ አይደለም፤ ጦር አነሡም አይልም። የንጉሡን እያንዳንዱን ጠላት በጥፋቱ እየጠራ የሚመዘግብ ጸሐፊ ይህን የመሰለ ክስ ቢያገኝ ኖሮ አይተወውም ነበር። ጠላት በሌላ ወገን መኖሩ እዚህ ያሉትን መሣሪያ አልባ መነኮሳት ጠላት አያደርጋቸውም።

ሌላው መከራከሪያ የዛሬን የሃይማኖት ነፃነት ይዘን በ15ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ላይ መፍረድ አይገባም የሚል ነው። እቀበለዋለሁ። ስለዚህ ንጉሡን በንጉሡ በራሳቸው ሥራ እንመዝናቸው። የኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜንም እንደ እሑድ እናከብራለን በማለታቸው ከመቶ ዓመት በላይ ከቤተ ክርስቲያን ተገፍተው ኖረዋል። መምህራቸው አገር ለቀው በአርመን ምድር ሞተዋል። ከተከታዮቻቸውም የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ታስረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1404 ዐፄ ዳዊት ፈቅደውላቸው እስኪፈቱ ድረስም ብዙ መከራ አይተዋል። እነዚህ ሰዎች የጳጳሱን ትእዛዝ በግልጽ የጣሱ፣ ከእሱም ክህነት አንቀበልም ያሉ ናቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠሩ፤ ከግብጽ የመጡትን ጳጳሳት አባ ሚካኤልንና አባ ገብርኤልን አስማሙ፤ ቅዳሜም እንዲከበር ተወሰነ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ይህ ከንጉሡ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ሊመሰገኑበት ይገባል። ግን በራሳቸው በንጉሡ ላይ ይመሰክርባቸዋል። የአገርን አንድነት ያለ ድንጋይ፣ በቃልና በትዕግሥት ማምጣት እንደሚቻል ያውቁ ነበር፤ አድርገውታልም። ደቂቀ እስጢፋኖስን የለያቸው ከኤዎስጣቴዎስ ልጆች የከፋ ትምህርት መያዛቸው አይደለም። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች የጠየቁትን ንጉሡ ሊሰጡ ይችሉ ነበር፤ የእነዚህ ጥያቄ ግን ከራሳቸው ከንጉሡ ክብር ላይ የሚቀነስ ሆነ።

ከዚያም ወደ ኋላ ቢታይ፣ ነገሥታትን የገሠጹ መነኮሳት በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበሩም። በ14ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዓምደ ጽዮንን በጋብቻቸው ምክንያት የወቀሱ መነኮሳት ተገርፈዋል፣ ወደ ሩቅ አገርም ተግዘዋል። የገሠጸ መነኩሴ ይገረፋል፣ ይጋዛል፣ ንጉሥ ሲሞት ወይም ሲታረቅ ይመለሳል። የዘመኑ ሚዛን ይህ ነበር። በዚህ ሚዛን አባ እስጢፋኖስ ለንጉሥ ባለመስገዳቸው ግዞት ቢፈረድባቸው ኖሮ፣ ፍርዱ ከባድ ነው እንጂ ከልማድ የወጣ ነው ማለት አይቻልም ነበር። የንጉሥን ክብር በአደባባይ ነክተዋል፤ ይህን እንደሚያደርጉ ዐውቀው አድርገውታል፤ ሌላም ሰው እንዲያደርገው አስተምረዋል። እስከዚህ ድረስ ጥፋተኛ ነህ የሚል ዳኛ በዘመኑ ዓይን አይወቀስም። ከዚህ በኋላ የሆነው ግን በየትኛውም ሚዛን አይገባም።

የሆነውም ይህ ነው። አባ እስጢፋኖስ ከሞቱ በኋላ ተከታዮቻቸው ተያዙ። እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ አጋማሽ ብዙዎቹ ንጉሡ ፊት ቀረቡ፤ ንጉሡ ተከራከሯቸው፤ አልተመለሱም። አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፤ የካቲት 2 ቀንም በድንጋይ ተወገሩ። ይህን የሚነግረን የራሳቸው የንጉሡ ዜና መዋዕል ነው እንጂ የተጎጂዎቹ ገድል ብቻ አይደለም። ገድሎቹ ደግሞ እስከ አንገታቸው ተቀብረው ከብት የተነዳባቸው እንዳሉ ይጨምራሉ። ከውግራቱ 38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ብርሃኑን እግዚአብሔር ሥራቸውን ስለመውደዱ ምልክት አድርገው ቆጠሩት፤ ቦታውንም ደብረ ብርሃን ብለው ሰይመው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠሩበት። ደብረ ብርሃን ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። ዜና መዋዕሉ ውግራቱንና ብርሃኑን በቀን ቆጥሮ ማያያዙ ልብ ሊባል ይገባል። ፍርዱ በምስክርና በማስረጃ የጸና ቢሆን ኖሮ ከሰማይ ምልክት እስኪመጣ መጠበቅ ባላስፈለገ ነበር። ለዚያውም ምልክቱ የመጣው ፍርዱ ከተፈጸመ ከወር በላይ ቆይቶ ነው። ሰማዩ ተቃራኒውን ቢያሳይ ኖሮ የተወገሩትን የሚመልሳቸው ማን ነበር?

ስለ ማስረጃ ከተነሣ፣ የንጉሡን ችሎት አሠራር የሚያሳየው ሌላው ነገር በራሳቸው ቤት የሆነው ነው። ከወንዶችና ከሴቶች ልጆቻቸው በርካታዎቹ ጣዖት አመለኩ ተብለው በነገረኞች ቃል ተከሰው ተገርፈው ሞተዋል። ዜና መዋዕሉ ንጉሡ ሕዝቡን ሰብስበው ለእግዚአብሔር ቀንተው ለልጆቻቸው እንኳ እንዳልራሩ ሲናገሩ ሕዝቡ እንዳለቀሰ ይተርካል። የልዑል በእደ ማርያም እናት ንግሥት ጽዮን ሞገሳም ልጇን ለማንገሥ አሴረች ተብላ በግርፋት ሞታለች፤ ልጇም ለእናቱ መታሰቢያ ዕጣን በሥውር እንዳስገባ ይነገራል። እነዚህ ሁሉ መነኮሳት አይደሉም፤ ደቂቀ እስጢፋኖስም አይደሉም። የንጉሡ የራሳቸው ቤተሰብ ናቸው። በሃይማኖት ስም ክስ ማቅረብ በደብረ ብርሃን ምን ያህል ቀላል፣ ከዚያ ማምለጥ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ኦሪትም ወንጌልም ሰው በሁለትና በሦስት ምስክር ቃል እንዲዳኝ ያዝዛሉ፤ ንጉሡ ይህን ከማንም የበለጠ ያውቁ ነበር፤ ሊቅ ነበሩና።

አቴናን ማመስገን አልፈልግም፤ ሶቅራጥስን ገድላለች። ያም ሆኖ የሁለቱ ችሎቶች አሠራር አንድ አይደለም። በአቴና ከሳሹ ማንኛውም ዜጋ ነው፤ ከዳኞቹ ድምፅ አንድ አምስተኛውን ካላገኘ 1,000 ድራክማ ይቀጣል። ስለዚህ ከሳሽም የሚፈራው ነገር አለው። ዳኞቹ ብዙ ናቸው፤ ተከሳሹ ራሱን ይከላከላል፤ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ እንኳ ይገባኛል የሚለውን ቅጣት ራሱ ያቀርባል። ሶቅራጥስ መጀመሪያ በከተማዋ ወጪ ልቀለብ ይገባኛል ብሎ ዳኞቹን አስቆጣ፤ በኋላም በወዳጆቹ ዋስትና የገንዘብ መቀጫ አቀረበ። ሞቱን የፈረዱበት ሰዎች ተሳስተዋል፤ ሊሳሳቱ የሚችሉ ብዙ ሰዎች በመሆናቸው ግን ሌላ ቀን ሌላ ሊፈርዱ ይችሉ ነበር። በደብረ ብርሃን አዋጁን ያወጣው፣ አዋጁ ተጣሰ ብሎ የከሰሰው፣ ክሱን የመረመረው፣ በሃይማኖት ነገር ሊቅ ሆኖ የተከራከረውና የፈረደው አንድ ሰው ነው። በመካከሉ ተበደልኩ የሚለውም እሱ ነው። ንጉሥ የመጨረሻ ዳኛ መሆኑ የዘመኑ ሕግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዙፋን ችሎት ይግባኝ የሚባልለት ሌላ የለም። ግን ደግ ንጉሥ የሚባለው የራሱ ጉዳይ ሲመጣ ሽማግሌና ጳጳስ የሚያስቀምጥ እንደሆነ ያው ዘመን ያውቅ ነበር። በደብረ ምጥማቅ ጳጳሳቱ የተጠሩት ለዚሁ ነበር።

ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1468 ዐረፉ። ለኢትዮጵያ የሠሩት ብዙ ነው። የግዕዝ ድርሰት በእሳቸው ዘመን አበበ፤ መንግሥቱም እስከ ባሕር ጠረፍ ጸና። ይህን ሁሉ መዘርዘር ግን ለቀረበው ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ ታላቅ ንጉሥ የሰጠው ፍርድ ሁሉ ትክክል አይሆንምና። ከእሳቸው ሞት በኋላም ስደቱ ወዲያው አልቆመም። ማኅበሩን አባ አበከረዙን ይመሩ ነበር፤ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1476 ሲሞቱ ሌሎች ተተኩ፤ ከነዚህም አንዱ አባ ዕዝራ ናቸው። ቀስ በቀስ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ16ኛው መጀመሪያ፣ ከነገሥታቱ ጋር ያለው ቅራኔ ረገበ። በዚያው ግድም መጽሐፈ ፈላስፋ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተረጎመ፤ ሶቅራጥስም ከጥንት ጠቢባን አንዱ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መነኮሳት መደርደሪያ ገባ። የገዛ ከተማው መርዝ ያጠጣችው ሰው ምክር እንዲህ በክብር ሲገለበጥ፣ የአባ እስጢፋኖስ ገድል በጠረፍ ገዳም ተሸሽጎ ይጻፍ ነበር።

ጉንዳጉንዶ እስከ ዛሬ አለ። ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀውበታል፤ ከኢትዮጵያ የብራና ስብስቦች ታላላቆቹ ከሚባሉት አንዱ ነው። ወደ ቆላው የሚወርደው አስቸጋሪ መንገድ ለገዳሙ ጠባቂ ሆኖለታል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድሎቹን ወደ አማርኛ መልሰው እስኪያሳትሟቸው ድረስ አብዛኛው አንባቢ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚያውቀው ንጉሡ ያሉትን ብቻ ነበር፤ የማርያም ጠላቶች ተብለው ኖሩ። የገዳማቸው ስም ግን ጉንዳጉንዶ ማርያም ነው። ከዚያ አካባቢ የወጡ የብራና መጻሕፍትም እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ መላእክት በግራና በቀኝ ቆመው በሚያሳዩ ሥዕሎች ይታወቃሉ።

ይህ ማስረጃ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1440ዎቹ ምን ያምኑ እንደነበር አያሳይም፤ ምናልባት ልጆቹ አባቶቻቸው ከያዙት ትምህርት ተመልሰው ይሆናል የሚል ተከራካሪ ይኖራል። አባባሉ ትክክል ነው፤ የ16ኛው መቶ ዘመን ሥዕል የ15ኛው መቶ ዘመን ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም። ይሁንና ተከራካሪው ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። ልጆቹ ያልተመለሱ፣ ከመጀመሪያውም እመቤታችንን የሚያከብሩ ከነበሩ የንጉሡ ክስ ሐሰት ነበር ማለት ነው። ተመልሰው ከሆነ ደግሞ የመለሳቸው ድንጋይ አይደለም፤ ድንጋዩ ሲወረወር አልተመለሱምና። የመለሳቸው ከነገሥታቱ ጋር መነጋገርና ጊዜ ነው፤ ያን ደግሞ ንጉሡ ለኤዎስጣቴዎስ ልጆች ሰጥተው እነሱን ነፍገዋቸዋል።